8 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ፤ ለማን ተሸጠ?

አንድ ነጋዴ «ይህን ያህል ዕቃ ሸጥኩ» ብሎ ሲናገር ገበያ የሚያውቅ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት አተረፍክ?» ብሎ ሳይሆን «ለማን ሸጥክ?» ብሎ ነው። ዕቃው ለመጨረሻው ተጠቃሚ ከደረሰ ሽያጩ አልቋል። ከአንዱ መጋዘን ወጥቶ ወደ ሌላው መጋዘን ብቻ ከገባ ግን ሽያጩ ገና አልተጀመረም፤ የተላለፈው ዕቃው ሳይሆን አደጋው ነው።

ይህን ልዩነት አጉልቶ የሚያሳይ አንድ ታሪክ በአሜሪካ የኮሚክ መጽሔቶች ገበያ አለ። ኮሚክ የምንለው በሥዕል የሚተረከውን፣ ብዙውን ጊዜም ልዕለ ኃያል ጀግኖች የሚገኙበትን ስስ መጽሔት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በኦገስት 1991 ማርቭል የተባለው አሳታሚ «ኤክስ ሜን» የተሰኘ ተከታታይ መጽሔት እንደ አዲስ ከቁጥር 1 ጀምሮ አወጣ። ይህ የመጀመሪያ ዕትም ወደ 8.1 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጦ በጊነስ የዓለም ድንቃ ድንቅ መዝገብ ላይ ሰፈረ። አምስት ዓመት ከጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በዲሴምበር 1996 መጨረሻ ላይ፣ ያው አሳታሚ ከአበዳሪዎቹ የሚከላከልለት የኪሳራ ሕግ ጥበቃ ለፍርድ ቤት ጠየቀ። ከመዝገቡ እስከ ኪሳራው ባለው ጊዜ ውስጥ የተፈጸመውን መመርመር ኮሚክ አንብቦ ለማያውቅ ነጋዴም የሚጠቅም ትምህርት ነው።

አሮጌ ዕቃ በአዲስ ቁጥር

«ኤክስ ሜን» በ1991 የተፈጠረ አልነበረም። ስታን ሊ እና ጃክ ከርቢ የጀመሩት በ1963 ሲሆን የዚያን ጊዜ ዋጋው 12 ሳንቲም ነበር። ገበያው ብዙም ስላልያዘለት በ1970 አዲስ ታሪክ መጻፉ ቆመና እስከ 1975 ድረስ ቀድሞ የወጡትን ታሪኮች እየደገመ ይታተም ነበር። በ1975 ሌን ዊን እና ዴቭ ኮክረም በአንድ ልዩ ወፍራም ዕትም አዲስ የጀግኖች ቡድን ይዘው መጡ። ከዚያ በኋላ ክሪስ ክሌርሞንት የተባለው ጸሐፊ 16 ዓመት ያህል ሳያቋርጥ ጻፈውና ከወዳቂ ዕቃነት አውጥቶ በወር በመቶ ሺዎች የሚሸጥ፣ የአሳታሚው ዋነኛ የገቢ ምንጭ አደረገው።

እንግዲህ በ1991 ማርቭል ያደረገው ይህን የታወቀ ስም ይዞ በነባሩ ጎን ሁለተኛ ተከታታይ መክፈት ነበር። ጸሐፊው ያው ክሌርሞንት፣ ሠዓሊው ደግሞ በዚያን ጊዜ ዝናው ከፍ ብሎ የነበረው ጂም ሊ ነው። በዕቃው ላይ አዲስ የነበረው አንድ ነገር በሽፋኑ ላይ የታተመው «ቁጥር 1» የሚለው ምልክት ነው። ለዚያ ምልክት ሲባል ሰው ለምን ተሰለፈ?

«ቁጥር 1» ለምን ተወደደ?

ምክንያቱ ከ1938 ይጀምራል። በዚያ ዓመት ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 በ10 ሳንቲም ተሸጠ። የታተመው 200,000 ያህል ቅጂ ነበር። ልጆች አንብበው ቀደዱት፣ እናቶች ቤት ሲያጸዱ ጣሉት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ወረቀት ለጦርነቱ ጥረት ሲሰበሰብ ብዙ የቆዩ መጽሔቶች አብረው ሄዱ። ዛሬ መኖራቸው የሚታወቀው ቅጂዎች 100 ያህል ብቻ ናቸው። በዚህም የተነሳ አንዱ ቅጂ በ2010 አንድ ሚሊዮን ዶላር፣ በ2014 ሌላው 3.2 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2024 ደግሞ ሌላው 6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ።

በ1980ዎቹ ውስጥ የአሮጌ ኮሚክ ዋጋ መውጣቱ በጋዜጣና በቴሌቪዥን እየተወራ ሲሄድ ብዙ ሰው አንድ ድምዳሜ ላይ ደረሰ፦ «የመጀመሪያ ዕትም ይወደዳል፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ዕትም ገዝቶ ማስቀመጥ ነው።» ድምዳሜው ውጤቱን አይቶ ምክንያቱን የዘለለ ነበር። የ1938ቱ መጽሔት የተወደደው «ቁጥር 1» ስለተጻፈበት ብቻ አይደለም፤ ማንም ሊያስቀምጠው ስላላሰበ ነው። የጠፋው በመቶ ሺህ የሚቆጠረው ቅጂ ለተረፈው መቶ ቅጂ ዋጋ ሰጠው።

የ1991ዱ ዕትም ከ1938ቱ 40 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ከዚህም በላይ፣ ገዥው አንብቦ ሊጥለው ሳይሆን በፕላስቲክ ከረጢት አሽጎ፣ ከጀርባው ካርቶን አስደግፎ፣ በሣጥን ሊያኖረው የገዛው ነው። ለአብነት ከአስሩ ዘጠኙ ጠፍቷል ብንል እንኳ 810,000 ቅጂ ይቀራል። 810,000 ሰው «ብርቅ ዕቃ አለኝ» የሚልበት ገበያ ብርቅ ዕቃ የለበትም። ሁሉም ቢናገር ማን ያዳምጣል እንደሚባለው፣ ሁሉም ሊሸጥ ካስቀመጠ ማን ይገዛል?

አምስት ሽፋን ለአንድ ታሪክ

የሽያጩ ቁጥር እንዴት እዚህ እንደደረሰ ደግሞ እንመልከት። ማርቭል ዘዴውን ደረጃ በደረጃ ነው ያዳበረው። በ1990 «ስፓይደርማን» ቁጥር 1 በቶድ ማክፋርላን ጽሑፍና ሥዕል ሲወጣ በተለያየ የሽፋን ቀለም፣ ከፊሉም በከረጢት ታሽጎ ነበር፤ ወደ 2.5 ሚሊዮን ቅጂም ሸጠ። ከረጢቱ ከተከፈተ ዋጋው ይቀንሳል ስለተባለ ሰብሳቢው ሁለት ይገዛ ጀመር፤ አንዱን ለማንበብ፣ ሌላውን ለማስቀመጥ። በ1991 ሮብ ላይፌልድ የሠራው «ኤክስ ፎርስ» ቁጥር 1 ሲመጣ በእያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ ከአምስት የተለያዩ ካርዶች አንዱ ገባ። አምስቱንም ካርድ የፈለገ አምስት ጊዜ ገዛ። ያ ዕትም ወደ 5 ሚሊዮን ቅጂ ደረሰ።

«ኤክስ ሜን» ቁጥር 1 በአምስት ሽፋን ወጣ። አራቱ እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ከ50 ሳንቲም የተሸጡ ሲሆን ሽፋኖቻቸው ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ትልቅ ሥዕል ይሆናሉ። አምስተኛው ሥዕሉን በሙሉ በሚዘረጋ ሽፋን የያዘና የተሻለ ወረቀት ያለው ሆኖ ዋጋው 3 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። በአምስቱም ውስጥ ያለው ታሪክ አንድ ነው። ሙሉውን የፈለገ ሰብሳቢ 9 ዶላር ከ95 ሳንቲም ይከፍላል፤ ለማንበብ ብቻ የፈለገ 1 ዶላር ከ50። ስለዚህ «8 ሚሊዮን ቅጂ» ማለት 8 ሚሊዮን አንባቢ ማለት አልነበረም። አንድ ሰው አምስት ጊዜ ተቆጥሯል፣ ለዋጋ ጭማሪ የሚያከማች ደግሞ ሃያና ሠላሳ ጊዜ።

ተመላሽ የሌለው ግዥ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ቁጥሩ በአብዛኛው አሳታሚው ለሱቆች ያስረከበው እንጂ ሱቆቹ ለደንበኛ የሸጡት አይደለም።

ቀደም ሲል ኮሚክ በጋዜጣ መሸጫዎች ነበር የሚሸጠው። ያልተሸጠው ለአሳታሚው ይቆጠርና ሂሳቡ ይቀነሳል፤ የጋዜጣ ነጋዴ «ተመላሽ» የሚለው ማለት ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ግን ፊል ሱሊንግ የተባለ ነጋዴ በጀመረው መንገድ፣ ኮሚክ ብቻ የሚሸጡ ሱቆች ዕቃውን በተሻለ ቅናሽ በቁርጥ መግዛት ጀመሩ። ቅናሹ ከፍ ይላል፣ ተመላሽ ግን የለም። ባለሱቁ የሚፈልገውን ብዛት ዕትሙ ከመውጣቱ ከወራት በፊት፣ ዕቃውን ሳያይ ያዝዛል።

በምሳሌ እናስላው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው። አንድ ሱቅ የሽፋን ዋጋው 1 ዶላር ከ50 የሆነ መጽሔት 1,000 ቅጂ በግማሽ ዋጋ፣ ማለትም በ75 ሳንቲም፣ በቁርጥ ገዛ እንበል። የከፈለው 750 ዶላር ነው። ሁሉም ከተሸጠ 750 ዶላር ያተርፋል። 400 ብቻ ከተሸጠ ግን የሚሰበስበው 600 ዶላር ስለሆነ 150 ዶላር ከኪሱ ይጎድላል፤ 600 ቅጂም መደርደሪያው ላይ ይቀራል። ኪሳራ እንዳይገጥመው ቢያንስ 500 መሸጥ ነበረበት፤ ያውም ኪራይና ደመወዝ ሳይታሰብ።

ይኸው ሱቅ ተመላሽ ባለበት ውል በ30 በመቶ ቅናሽ ብቻ ቢወስድ፣ ለአንዱ ቅጂ 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ይከፍላል። ሁሉም ቢሸጥ ትርፉ 450 ዶላር ነው፤ ከቁርጡ ያንሳል። 400 ብቻ ሲሸጥ ግን 600ውን መልሶ 180 ዶላር ያተርፋል። በሁለቱ መካከል ያለው የቅናሽ ልዩነት ስጦታ አይደለም፤ አደጋውን ለተሸከመ ሰው የሚከፈል የመድን ዋጋ ነው። ብዙ ባለሱቆች ግን እንደ ትርፍ ቆጠሩት።

በሁለቱም ስሌት በአሳታሚው መዝገብ ላይ ቀድሞ የሚጻፈው «1,000 ቅጂ» ነው። ልዩነቱ በቁርጡ ውል ያ ቁጥር ለዘለዓለም እንደዚያው መቅረቱ ነው። መዝገቡ የሚለካው የነጋዴን ተስፋ እንጂ የአንባቢን ፍላጎት አይደለም።

ከዚያስ?

ለሁለት ዓመት ያህል ዘዴው ሠራ። በ1992 መጨረሻ ሱፐርማን የሞተበት ዕትም በሚሊዮን ተሸጠ፤ ሱቅ ገብቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ተሰለፈ። ባለሱቆችም ይህን ተማምነው በ1993 ለሱፐርማን መመለሻ ዕትም ከፍተኛ ትዕዛዝ ሰጡ። ለሞቱ የመጣው ሕዝብ ለትንሣኤው አልመጣም፤ ብዙ ቅጂ በሱቆች እጅ ቀረ። በዚያው በ1993 ቫሊያንት የተባለው አሳታሚ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚታወቀውን «ቱሮክ» እንደ አዲስ በቁጥር 1 ሲያወጣ ሱቆች ወደ 1.7 ሚሊዮን ቅጂ አዘዙ፤ የዚህም ዕጣ ተመሳሳይ ነበር።

ችግሩን ያባባሰው የዕቃው ዋና ሠሪዎች መልቀቃቸው ነው። ክሌርሞንት ከሦስተኛው ዕትም በኋላ ወጣ። ማክፋርላን፣ ላይፌልድና ጂም ሊ ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በ1992 ኢሜጅ የተባለ የራሳቸውን ድርጅት መሠረቱ። እነዚህ ሦስቱ የሦስቱ ታላላቅ «ቁጥር 1» ዕትሞች ሠዓሊዎች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ሰው የተሰለፈው በከፊልም ቢሆን ለእነሱ ነበር።

ገንዘቡ በማይሸጥ ወረቀት የታሰረበት ባለሱቅ ቀጣዩን ወር ማዘዝ አቃተው። ትዕዛዝ ሲቀንስ ሌላው ደነገጠ፤ አከማቹም ሳጥኑን ይዞ ለመሸጥ ሲመጣ የሚገዛው ያው ባለሱቅ ነበርና ገዥ አጣ። ከ1993 ጀምሮ ባሉት ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ ሱቆች ተዘጉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የቤተሰብ ቁጠባ የገባባቸው ትናንሽ ንግዶች ነበሩ። አሳታሚው የቅጂውን ገንዘብ አስቀድሞ ስለወሰደ የመጀመሪያው ምት ያረፈው በእነዚህ ላይ ነው።

ምቱ ወደ ላይኛው ሲደርስ

አሳታሚውም ግን አላመለጠም። ሮናልድ ፔረልማን የተባለው ባለሀብት ማርቭልን በ1989 በ82.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ በ1991፣ «ኤክስ ሜን» ቁጥር 1 በወጣበት ዓመት፣ አክሲዮኑን ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። አክሲዮን ገዥው ያየው የሽያጭ ሰንጠረዥ ያው የሚሊዮኖች ሰንጠረዥ ነው። ኩባንያው በብድር እየታገዘ የስፖርት ካርድ አምራቾችን ፍሊርን በ1992፣ ስካይቦክስን በ1995 ገዛ፤ በመካከሉ በ1994 የተነሳው የቤዝቦል ተጫዋቾች አድማ የካርዱን ገበያ ጎዳው። በ1994 መጨረሻ ደግሞ ሂሮስ ወርልድ የተባለ አከፋፋይ ገዝቶ መጽሔቶቹን በዚያ በኩል ብቻ ማከፋፈል ጀመረ። ሌሎች አሳታሚዎችም አንድ አከፋፋይ ፍለጋ ሲጣደፉ የማከፋፈሉ ሥራ በ1996 በአብዛኛው ዳይመንድ በተባለ አንድ ድርጅት እጅ ወደቀ። ሂሮስ ወርልድ በ1997 ተዘጋ። ዳይመንድም ራሱ በጃንዋሪ 2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል።

በ1993 እስከ 35.75 ዶላር ወጥቶ የነበረው የማርቭል አክሲዮን በ1996 ወደ 2.38 ዶላር ገደማ ወረደ። በዲሴምበር 27 ቀን 1996 ኩባንያው ፍርድ ቤት ቀረበ። በ1998 ቶይ ቢዝ ከተባለው አሻንጉሊት አምራች ጋር ተዋህዶ ከኪሳራው ወጣ፤ በ2009 ደግሞ ዲዝኒ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ሊገዛው ተስማማ።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር ብዙ ይናገራል። ሀብቱ ለካ ነበር፤ ግን በሣጥን ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ሳይሆን በገጸ ባሕርያቱ ባለቤትነት መብት ላይ ነው። ወረቀቱን ያከማቸው ሰው የዛፉን ቅጠል ሲሰበስብ ዛፉ በሌላ እጅ ነበር።

የ1975ቱ እና የ1991ዱ

ማነጻጸሪያው ከዚያው ተከታታይ ውስጥ ይገኛል። በ1975 አዲሱ ቡድን የቀረበበት ወፍራም ዕትም በ50 ሳንቲም ነበር የተሸጠው። የወደቀ መጽሔትን ለማንሳት የተደረገ ሙከራ ስለነበር ማንም ለትርፍ አላከማቸውም። ያ ዕትም ዛሬ በጥሩ ይዞታ ከተገኘ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል። የ1991ዱ ግን ያልተመረመረ ተራ ቅጂ ከሆነ ዛሬም በጥቂት ዶላር ይገኛል። አንደኛው ያለ ጡሩንባ መጥቶ ጥሩ ታሪክ ስለነበረው በኋላ ተፈለገ። ሌላው በጡሩንባ መጥቶ የሚፈልገው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት አገኘው።

«ጥቂት ዶላርም ቢሆን ከ1.50 ይበልጣል» የሚል ቢኖር ስሌቱን እንጨርስለት። 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም በዓመት 5 በመቶ ወለድ ቢታሰብበትና ወለዱ እየተጠራቀመ ቢሄድ፣ በ30 ዓመት 6 ዶላር ከ48 ሳንቲም ይሆናል። መጽሔቱን 5 ዶላር የሸጠው ሰው ዋጋው ከሦስት እጥፍ በላይ ቢጨምርለትም፣ ከዚህ ወለድ ጋር ሲነጻጸር ከስሯል፤ የማስቀመጫ ቦታና ከረጢት ሳይቆጠር። የታሰረ ገንዘብ ዋጋ አለው፤ ደረሰኝ ስለማይሰጥ ብቻ ነው የሚረሳው።

ዘዴው አልሞተም

ከቁጥር 1 እንደ አዲስ መጀመር ከ1990ዎቹ ጋር አልቀረም። ዲሲ የተባለው ሌላው ታላቅ አሳታሚ በ2011 52 ተከታታዮችን በአንድ ጊዜ ከቁጥር 1 ጀመረ። ማርቭልም «ኤክስ ሜን»ን ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ከ1 ቆጥሯል። በ2024 ደግሞ የዲሲ «አብሶሉት ባትማን» ቁጥር 1 እጅግ ተፈልጎ በተደጋጋሚ ታትሟል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ቁጥር 1 ለአዲስ አንባቢ በር ነው፤ በቁጥር 347 ላይ ማንም አዲስ ሰው መግባት አይወድም። ጥያቄው በሩ ተከፍቶ የገባው አንባቢ ነው ወይስ አከማች የሚለው ነው።

ለገዥ የሚሆኑ አምስት ጥያቄዎች

በኮሚክም ሆነ «አዲስ ወጣ» በሚባል ማናቸውም ዕቃ ወይም አክሲዮን ላይ ገንዘብ ከማፍሰስ በፊት እነዚህን መጠየቅ ይበጃል።

1ኛ. «ተሸጠ» የተባለው ቁጥር የሚለካው የት ላይ ነው? ከፋብሪካው በር ላይ ነው ወይስ ከመጨረሻው ተጠቃሚ እጅ? ሻጩ የሚነግርዎ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ነው።

2ኛ. ያልተሸጠው በማን እጅ ይቀራል? ተመላሽ ካለ አደጋው የሻጩ ነው፤ ከሌለ የእርስዎ ነው። ተጨማሪው ቅናሽ ያንን አደጋ ይመጥን እንደሆነ ከላይ እንዳደረግነው በወረቀት ያስሉት።

3ኛ. ከገዥዎቹ ስንቱ ይጠቀምበታል፣ ስንቱስ እንደ እርስዎ መልሶ ለመሸጥ ገዛው? ሁለተኛው ከበዛ የምታዩት ፍላጎት የራሳችሁ ጥላ ነው።

4ኛ. ሁለተኛው ዕትም እንዴት ተሸጠ? የመጀመሪያ ቀን ሰልፍ ወሬ ይሰበስበዋል። ደንበኛ መኖሩ የሚታወቀው ወሬው ሲያልፍ በሚመጣው ሰው ብዛት ነው።

5ኛ. እውነተኛው ሀብት የት አለ? በዕቃው ነው፣ በሠሪዎቹ ነው ወይስ በስሙ ባለቤትነት? ሠሪው ሊለቅ ይችላል፤ ባለመብቱም ነገ ሌላ ቅጂ ማተም ይችላል። የማይበዛው የትኛው እንደሆነ ያጣሩ።

በመጨረሻ፣ በ1991 «ኤክስ ሜን» ቁጥር 1ን በ1 ዶላር ከ50 ገዝቶ፣ አንብቦ፣ ለጓደኛው ያዋሰው ልጅ ምንም አልከሰረም፤ የከፈለበትን አግኝቷል። የከሰረው አምስቱንም ሽፋን በደርዘን ገዝቶ አንድም ገጽ ሳይገልጥ ያስቀመጠው ነው። የሱ ትርፍ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖ ቀርቷል። ዕቃ ሲገዙ መጨረሻ ላይ የሚጠቀምበትን ሰው ማንነት በስሙ ባይሆን እንኳ በዓይነቱ መናገር ካልቻሉ፣ ያ የመጨረሻ ሰው እርስዎ ራስዎ ሊሆኑ ይችላሉና ገንዘብዎን ከመክፈልዎ በፊት አንድ ጊዜ ደግመው ያስቡ።